መጥፎ ወሬ ወደ ላይ የማይወጣበት መሥሪያ ቤት

የኢትዮጵያ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ዕቅድ ጎድሏቸው አያውቅም። የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1949 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉት። ደርግ በ1977 ዓ.ም. የአሥር ዓመት መሪ ዕቅዱን ጀመረ፤ ኢሕአዴግ የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂውን፣ ቀጥሎ ፓስዴፕን (ድህነትን በተፋጠነና ዘላቂ ልማት ለማጥፋት ያወጣውን ዕቅድ)፣ ከዚያም ሁለቱን የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች አከታትሎ አወጣ፤ ዛሬ ደግሞ እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቀውን የአሥር ዓመት መሪ የልማት ዕቅድ አጋምሰናል። እነዚህን ዕቅዶች ያወጡት በርዕዮተ ዓለም የማይገናኙ መንግሥታት ናቸው። ሁሉም ግን ለአፈጻጸም የተላለፉት በመዝገብ ቤታቸው፣ በማኅተማቸውና በግልባጫቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አለቃና ምንዝር በሚነጋገሩበት ወግ እምብዛም ወደማይለያዩ መሥሪያ ቤቶች ነው። መንግሥት ሲለወጥ ሚኒስትሩ ይለወጣል፣ ሰንደቁና መፈክሩ ይለወጣል፤ «ጉዳዩ የሚመለከተው ክፍል አይቶ አስተያየት ያቅርብበት» የምትለው ማስታወሻ ግን ከነቦታዋ ትቀጥላለች።

በዕቅድና ክትትል ሥራ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ አሳልፌአለሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ሳሰላስል ወደ አንድ ድምዳሜ እመለሳለሁ፦ ስትራቴጂ በእኛ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች የሚከሽፈው በአመዛኙ ሲነደፍ አይደለም፤ ገንዘብ ስላጠረው ብቻም አይደለም። የሚከሽፈው ከመስመር መውጣቱ ታውቆ መታረም በሚችልበት ጊዜ፣ ይህንን የሚያውቀው ሰው ማወቅ ለሚገባው ሰው ሳይነግረው ሲቀር ነው። ተቋማዊ ባህል ስል በዋናነት የማስበው ይህንኑ ነው፤ ማን ለማን ምን ሊናገር እንደሚችል፣ ተናግሮስ ምን እንደሚደርስበት።

ቃሉ በተለምዶ የሚያመለክተው ሌላ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ማንኛውም ሚኒስቴር ሲገቡ ከፍተሻው አለፍ ብሎ በትልቁ የታተመ ባነር ይቀበልዎታል፤ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። እሴቶቹ ስር ግልጽነት፣ ተጠያቂነት፣ ቅንነት፣ የላቀ አገልግሎት የሚሉ ቃላት ተደርድረዋል። ስለ ተቋማዊ ባህል በሰፊው የጻፈው ኤድጋር ሻይን የድርጅት ባህል ሦስት እርከን አለው ይላል፤ በዐይን የሚታየው፣ በአፍ የሚነገረው፣ ከሁለቱም ስር ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሁሉም እንደ እውነት የተቀበለው። ባነሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይሸፍናል። ሦስተኛው የትም አልተለጠፈም፤ አዲስ ሠራተኛ ግን ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሰው ሲናገርና ዝም ሲል እያየ በጥቂት ወራት ውስጥ አበጥሮ ያውቀዋል።

አንድ የሦስተኛ ሩብ ዓመት ሪፖርት ዝግጅት ላይ ያየሁትን ልናገር። ገና ብዙ ያልቆየች ወጣት ባለሙያ የዳይሬክቶሬቱን አፈጻጸም አጠናቅራ 61 በመቶ ብላ አቀረበች። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሠራተኛ የሚወዳቸው፣ ማንንም በሰው ፊት የማያሳፍሩ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ዝግ ባለ ድምፅ «እስቲ የኔ ልጅ፣ ይህን ነገር እንደገና እይው። ሌሎቹ ስንት ይዘው እንደመጡም ጠይቂ» አሏት። አልተቆጡም፣ ዋሺ አላሏትም። በማግስቱ ሪፖርቱ 89 በመቶ ሆኖ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በ61ና በ89 መካከል አንድም የሐሰት ቁጥር የለም። ያልተጀመሩ ሁለት ተግባራት በ«ዕቅድ ክለሳ» ወደ አራተኛው ሩብ ዓመት ተሸጋገሩ፤ ስለዚህም ከማካፈያው ወጡ። በረቂቅ ደረጃ ያለ አንድ ጥናት «ሰነዱ በዝግጅት ላይ ነው» ተብሎ 70 በመቶ ተያዘለት። ለአንድ ሥልጠና ከታቀደው በላይ ሰው ስለመጣ 130 በመቶ ተመዘገበና ትርፉ የሌሎቹን ጉድለት በአማካይ ሸፈነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ማስረጃ አለ፤ ቃለ ጉባኤ አለ፣ የተሳታፊዎች ፊርማ አለ፣ ፎቶግራፍም አለ። ኦዲተር መጥቶ ቢፈትሽ የሚያገኘው ጥፋት የለም።

የጠፋው ሌላ ነገር ነው። ካልተጀመሩት ተግባራት አንዱ ክልሎች ሲጠብቁት የነበረ መመሪያ ነበር። ረቂቁ በሕግ ጉዳዮች በኩል ሳይታይ ወራት አስቆጥሯል፤ መመሪያው ባለመውጣቱ የክልል ቢሮዎች ሠራተኛ መመደብ አልቻሉም፤ ሠራተኛ ባለመመደቡ በስትራቴጂው ላይ የዓመቱ ዋና ግብ ተብሎ የተጻፈው ሥራ ቆሟል። 61 የሚለው ቁጥር ይህንን ሁሉ በአንድ እይታ ይናገር ነበር። ሚኒስትሩ ቁጥሩን አይተው «ምን ሆናችሁ ነው?» ቢሉ በአንድ የስልክ ጥሪ የሚፈታ ጉዳይ ነበር። 89 ግን ጥያቄ አያስነሳም። መመሪያው በቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ውስጥ እንደ አዲስ ተግባር ተጽፎ ተገኘ።

ዳይሬክተሩ «ሌሎቹ ስንት ይዘው እንደመጡ» ማለታቸው የነገሩ ቁልፍ ይመስለኛል። ሰውየው ያሰቡት ስለ መመሪያው አልነበረም፤ በትልቁ የስብሰባ አዳራሽ የዳይሬክቶሬቶች አፈጻጸም በፓወር ፖይንት ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ሲታይ ከጠረጴዛው መጨረሻ ላይ ስለሚገኝ ስም ነው። በዚያ ሰልፍ ውስጥ እውነቱን ይዞ የሚመጣ ብቸኛ ክፍል የመጨረሻው ደካማ ክፍል ይሆናል። አንድ ሰው ብቻውን ሐቀኛ የሚሆንበት ምክንያት የለውም፤ ሁሉም አብረው ሐቀኛ የሚሆኑበትን መንገድ ደግሞ ማንም አላበጀም።

ችግር ጨርሶ አይነገርም ማለቴ አይደለም። እያንዳንዱ ሪፖርት «ያጋጠሙ ችግሮችና የተወሰዱ መፍትሔዎች» የሚል ክፍል አለው። በተለይ የለውጥ ሠራዊት ግንባታ በሚባለው፣ ሠራተኛው ለውጥ እንዲያስፈጽም በቡድን በሚደራጅበት ዘመን በመንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የዚህን ክፍል ይዘት በቃሉ ያውቀዋል፤ የአመለካከት ማነቆ፣ የክህሎት ማነቆ፣ የግብዓት ማነቆ። መንገድ ቢዘገይ፣ መድኃኒት ቢጠፋ፣ ግብር ባይሰበሰብ፣ ምክንያቱ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ወይም የሦስቱ ድምር ነው። መፍትሔውም እንዲሁ የታወቀ ነው፤ ለአመለካከቱ ውይይት፣ ለክህሎቱ ሥልጠና፣ ለግብዓቱ ደግሞ ለሚመለከተው አካል ደብዳቤ። ችግሩ በዚህ መልክ ሲጻፍ ባለቤት አይኖረውም። «የሕግ ጉዳዮች ክፍል ረቂቁን ለአምስት ወራት አላየም» ብሎ መጻፍ ሰው መንካት ነው፤ «የአመለካከት ክፍተት ታይቷል» ብሎ መጻፍ ግን ማንንም አይነካም።

ኢሕአዴግ ከትግል ሜዳ ይዞት የመጣው ግምገማ ይህንን ዝምታ መስበር የሚችል መሣሪያ ይመስል ነበር። የበታች ሠራተኛ አለቃውን ፊት ለፊት የሚተችበት መድረክ በአገራችን የቢሮ ታሪክ አዲስ ነገር ነው። ነገር ግን ግምገማው የሰውን አቋም እንጂ የሥራውን ሂደት አልመረመረም። እገሌ ለምን አረፈደ፣ እገሊት ለምን ቅሬታ አሰማች፣ ማን ኪራይ ሰብሳቢ ነው፣ ማን የለውጥ ኃይል ነው። ቂም ያለው ቂሙን የሚወጣበት ሆነ፤ ብልሁ ደግሞ ቀላል ግለ ሂስ አስቀድሞ ያቀርብና ያመልጣል። መድረኩ ሰዎችን ግልጽ ያደርጋል ተብሎ ሲጠበቅ ይበልጥ ጥንቁቅ አደረጋቸው።

የለውጥ መሣሪያዎቹም ዕጣ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲቀረጽ አምስት ንዑስ ፕሮግራሞች ነበሩት፤ የወጪ ቁጥጥር፣ የሰው ሀብት፣ የአገልግሎት አሰጣጥ፣ የከፍተኛ አመራር ሥርዓትና ሥነ ምግባር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር የምንለው፣ መጣ። ቀጥሎ ውጤት ተኮሩ የምዘና ሥርዓት፣ ቢኤስሲ የሚባለው፣ ከነአራቱ ዕይታዎቹ መጣ። በ2004 ዓ.ም. የካይዘን፣ ማለትም ሥራን በጥቂት በጥቂቱ ያለማቋረጥ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ፣ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። የለውጥ ሠራዊት፣ ሠራተኛውን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው አንድ ለአምስት፣ የዜጎች ቻርተር፣ የሥራ መደቦችን በነጥብ የሚመዝነው የሥራ ምዘና እየተከታተሉ መጡ። እያንዳንዱ መሣሪያ በተወለደበት ቦታ የሠራ ነው። ካይዘን ለምሳሌ በጃፓን ፋብሪካ ውስጥ ቁም ነገሩ አንድ ነው፤ በማምረቻው መስመር ላይ የቆመው ሠራተኛ ስህተት ሲያይ መስመሩን እስከ ማስቆም ድረስ ሥልጣን አለው፤ አስቁሞም ይመሰገናል። እኛ ዘንድ ካይዘን ሲደርስ ከሁሉም በፊት የተተገበረው ጠረጴዛ ማስተካከል፣ አሮጌ ፋይል ማስወገድና መደርደሪያ ላይ ስያሜ መለጠፍ ነበር። ክፋት የለውም፤ መዝገብ ቤቱ በእርግጥ ጸድቷል። መስመሩን የማስቆም ሥልጣን ግን ለማንም አልተሰጠም።

በበር ላይ የሚለጠፈው ስም እንኳ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀየረ ላስታውስ። መምሪያ ኃላፊ የነበረው በቢፒአር ጊዜ የሥራ ሂደት ባለቤት ሆነ፤ የሥራ ሂደት ባለቤት የነበረው ዳይሬክተር ሆነ፤ ዳይሬክተር የነበረው በቅርቡ ሥራ አስፈጻሚ ተባለ። ስያሜው በተለወጠ ቁጥር ምደባ አለ፤ ምደባ ባለ ቁጥር ደግሞ ሠራተኛው ለወራት የሚያስበው «መደቤ ይታጠፍ ይሆን?» እያለ ነው። በ2011 ዓ.ም. ንግድና ኢንዱስትሪ አንድ ሚኒስቴር ሆኑ፤ በ2014 ዓ.ም. እንደገና ተለያዩ። ዕቅድና ፋይናንስም በአንድ ሚኒስቴር ሥር ከቆዩ በኋላ ተነጣጥለው፣ ዕቅዱ በኮሚሽን በኩል አልፎ ዛሬ የፕላንና ልማት ሚኒስቴር ሆኗል። ለእነዚህ ውሳኔዎች እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው፤ አልከራከርበትም። ነገር ግን የሠራተኛው ባህል ከዚህ ሁሉ የተማረው አንድ ትምህርት ነው፤ ይህም ያልፋል፣ ትንሽ መታገሥ ነው። አዲስ ስትራቴጂ ሲመጣ የሚያጋጥመው ተቃውሞ አይደለም። ተቃውሞ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መከራከር ይቻል ነበር። የሚያጋጥመው በትሕትና የሚቀበል፣ ሥልጠናውን የሚወስድ፣ ቅጹን የሚሞላ፣ ሥራውን ግን እንደ ወትሮው የሚቀጥል ሰው ነው።

ወደ ፊርማ ልምጣ፤ የስትራቴጂ አፈጻጸም የሚዘገየው ከማንኛውም ቦታ ይልቅ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከአንድ ባለሙያ የተነሳ ማስታወሻ ወደ ቡድን መሪ፣ ከቡድን መሪ ወደ ሥራ አስፈጻሚ፣ ከዚያ ወደ ሚኒስትር ዴኤታ፣ አንዳንዴም ወደ ሚኒስትሩ ይወጣል። ከዚያ ጥግ ላይ በብዕር ተጽፎበት ይወርዳል፦ «አቶ እገሌ፣ እዩትና አነጋግሩኝ»። ይህች አጭር ማስታወሻ ድንቅ የቢሮ ፈጠራ ናት። አዎ አላለችም፣ አይሆንም አላለችም፤ ጉዳዩ ግን ከጠረጴዛ ተነሥቷል። አነጋግሩኝ የተባለው ሰው ለመነጋገር ቀጠሮ ይጠብቃል፤ ቀጠሮው በስብሰባ ይሰረዛል፤ ውሳኔው ሲሰጥም በቃል ስለሚሰጥ የሚፈጽመው ሰው በእጁ የያዘው ወረቀት የለውም። ወረቀት ከሌለው ደግሞ አይፈርምም፤ እንደገና ማስታወሻ ይጽፋል።

ይህንን ስንፍና ወይም ብቃት ማነስ ብሎ መጥራት ቀላል ነው። እኔ ግን ሰዎቹ ያለባቸውን ስሌት ሳይ በጣም አስተዋዮች ሆነው አገኛቸዋለሁ። በአገራችን የፈረመ ሰው ተጠይቋል፤ ያልፈረመ ሰው ግን ስላልፈረመ ሲጠየቅ ብዙ አልታየም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ከተገደሉት ውስጥ አብዛኞቹ የንጉሡ ዘመን ከፍተኛ ባለሥልጣናት ነበሩ፤ ያ ሌሊት በቢሮ ሰው ትዝታ ውስጥ ለአንድ ትውልድ ኖሯል። ከዚያም በኋላ በየዘመኑ ሹም ሲወድቅ የሚገለበጠው የፈረማቸው ወረቀቶች መዝገብ ነው። ኦዲት የሚመረምረው የወጣውን ገንዘብ ነው፤ መሠራት ሲገባው ያልተሠራውን ሥራ ለመመርመር የተዘጋጀ አሠራር ከክዋኔ ኦዲት፣ ማለትም የሥራውን ውጤታማነት ከሚመረምረው ኦዲት፣ በስተቀር የለም፤ እርሱም ቢሆን ግኝቱ በቋሚ ኮሚቴ ፊት ተነብቦ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ያልተሰበሰበ ሂሳብ፣ ጥቅም ላይ ያልዋለ በጀት፣ ከደንብ ውጭ የተፈጸመ ግዥ ተዘርዝሮ ይቀርባል፤ በተከታዩ ዓመትም ከቀድሞ ግኝቶች ብዙዎቹ እርምት እንዳልተወሰደባቸው ይገለጻል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚያስብ ሰው ከመወሰን ይልቅ «ጎመን በጤና» ቢል አይፈረድበትም።

ጥቅም ላይ ያልዋለ በጀት ስል ሰኔን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ የተመለሰበት ክፍል ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት «መጠቀም አልቻላችሁም» ይባላል። ስለዚህ ለአሥር ወራት በፊርማ እጦት ተኝቶ የነበረ ገንዘብ በግንቦትና በሰኔ ይነቃል። የቢሾፍቱና የአዳማ ሆቴሎች በሥልጠናና በምክክር መድረክ ይሞላሉ፤ ፕሪንተር ይገዛል፤ አጀንዳና ቦርሳ ይታተማል። ስትራቴጂው ላይ የተጻፈው ግብ የገጠር አገልግሎት ማሻሻል ቢሆንም የፋይናንስ አፈጻጸሙ 97 በመቶ ሆኖ ይዘጋል። አበሉ ለሠራተኛው የደመወዙ ማሟያ በመሆኑ ይህንን ልማድ የሚጠላው ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም በዚያ አዳራሽ ተቀምጬ ከሻይ ሰዓቱ በፊት ያለውን ክፍለ ጊዜ በትዕግሥት አዳምጬአለሁ።

የደመወዙን ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ማለፍ ተገቢ ባይሆንም ክርክሬን ስለማይለውጠው ባጭሩ እላለሁ። ባህል ሁሉንም ነገር አያብራራም። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ለዓመታት 1,100 ብር ሆኖ ቆይቶ ወደ 4,760፣ ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የኑሮ ውድነቱ ግን ከጭማሪው ጋር እየተሽቀዳደመ ነው። የቤት ኪራይ የሚያሳስበውን ሰው ስለ ተቋማዊ እሴት ማስተማር ያሳፍራል። ይሁን እንጂ ደመወዝ ብቻውን 61ን ወደ 89 የቀየረውን አሠራር አያስተካክልም፤ ዳይሬክተሩ ደመወዛቸው በእጥፍ ቢጨምር የሚፈሩት ነገር፣ ማለትም ወንበራቸውን ማጣት፣ እንዲያውም ይከብዳል።

ስለ ዕቅድ አወጣጡም አንድ ነገር ልጨምር። «የተለጠጠ ዕቅድ» የሚለው አነጋገር በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን የቢሮ ቋንቋ ሆነ። በዚያ ዕቅድ የስኳር ምርት በ2007 ዓ.ም. 2.25 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ አሥር ያህል አዳዲስ ፋብሪካዎችም በአምስት ዓመት ውስጥ ሊተከሉ ታስበዋል። የተገኘው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር። ፋብሪካ መትከል ልምድ ይጠይቃል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ አገዳውም ፋብሪካውም እኩል መድረስ አለባቸው፤ በአንዳንዱ ቦታ አገዳው ደርሶ ፋብሪካው ሳይደርስ ቀርቷል። ይህ አይሳካም ብሎ የገመተ ባለሙያ በየመሥሪያ ቤቱ አልነበረም ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ግን ዕቅዱ የሚሻሻል ግምት ሳይሆን የቁርጠኝነት መግለጫ ሆኖ ስለቀረበ፣ «ይህ ቁጥር ይከብዳል» ማለት ራስን ከዓላማው ውጭ ማቆም ነበር። የተለጠጠ ዕቅድ ብቻውን ችግር አልነበረም። ዕቅድ ሲለጠጥ ከየት ላይ እየሳሳ እንደሆነ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ እኛ መለጠጡን ወስደን ተናጋሪውን ተውነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህንን ሁሉ ሲሰሙ «ያው ባህላችን ነው፤ ሐበሻ አለቃውን ፊት ለፊት አይናገርም» ይሉኛል። በዚህ አልስማማም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ የመንግሥት ንብረት የሆነ፣ ያው ከየቤታችን የወጡ ልጆች የሚሠሩበት ድርጅት ነው። እዚያ ቴክኒሺያኑ ያየውን ጉድለት ጽፎ አውሮፕላኑን ያስቆማል፤ የሥራው ሕግ ያስገድደዋል። ልዩነቱ ያለው በሰዎቹ ባሕርይ ላይ ሳይሆን ስህተቱ በሚታይበት መንገድ ላይ ነው። አውሮፕላን በሰዓቱ ካልተነሣ ያንኑ ቀን ይታወቃል፤ በዕቅድ ክለሳ ወደ አራተኛው ሩብ ዓመት አይሸጋገርም።

ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችም ውስጥ የሚጠቀስ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶች፣ አሥራ ስድስት የጤና ፓኬጆች፣ ቤት ለቤት ሥራ። ከሠላሳ ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው ተሰማርተዋል። ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በፈረንጆቹ 1990 ወደ 204 የነበሩ ሲሆን በዚያው አቆጣጠር በ2012 ወደ 68 ዝቅ ብለው የምዕተ ዓመቱ የልማት ግብ፣ ማለትም ሞቱን በሁለት ሦስተኛ መቀነስ፣ ከጊዜው ሦስት ዓመት ቀድሞ ተመትቷል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ የለጋሾች ገንዘብ፣ ክትባት፣ የአጎበር ሥርጭት፣ የመንገድ መስፋፋት። ለእኔ ግን ትኩረት የሚስበው ሌላ ነገር ነው። ሚኒስቴሩ በየለጋሹ ቅጽ የተበታተነውን ሥራ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» በሚል መርህ ለመሰብሰብ ታገለ፤ ዕቅዱም ከወረዳ እንዲነሣ ተደረገ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ ማኅደር ይዛ ማን እንደወለደች፣ የማን ልጅ እንዳልተከተበ በስም ታውቃለች። በስም የሚታወቅ ጉድለት በአማካይ አይሸፈንም። በዚህ ፕሮግራምም የተጋነነ ሪፖርት አልነበረም አልልም፤ የወረዳ ሪፖርትና የቤት ለቤት ጥናት ቁጥር የማይገናኙበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን ቁጥሩን የሚፈትን ሌላ ቁጥር መኖሩ በራሱ የመሥሪያ ቤቱን ጠባይ ቀየረው። ሪፖርት የሚያደርገው ሰው ጥናት እንደሚመጣ ያውቃል።

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ ሚኒስትሮች አፈጻጸማቸውን በየመቶ ቀኑ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ። የክትትሉ መጥበቅ ጥሩ ነው፤ ድሮ ለዓመት የሚቆይ ጉዳይ አሁን ቶሎ ይነሣል። ግን ባህሉ ሳይለወጥ የሪፖርት ድግግሞሽ ሲጨምር ምን እንደሚከሰት ከታች ሆኖ ማየት ይቻላል። በመቶ ቀን ውስጥ ተጠናቆ ሊታይ የሚችል ሥራ፣ ለምሳሌ የቢሮ እድሳት፣ የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ፣ አንድ መተግበሪያ ማስመረቅ፣ ወደ ፊት ይመጣል፤ መመሪያ ማውጣት፣ ከክልሎች ጋር መስማማት፣ ባለሙያ ማብቃት ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋል። ቢኤስሲ ውስጥም ይህ ነበር፤ ለግቦች ክብደት ሲሰጥ ከፍተኛው ክብደት በእርግጠኝነት ለሚሳካው ሥራ ይሰጥ ነበር። ሰው ሲመዘን ሚዛኑን ይማራል።

በ2017 ዓ.ም. የተጀመረውን መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በዚህ ረገድ የማየው ከአድናቆትም ከጥንቃቄም ጋር ነው። ተገልጋዩ ከቢሮ ቢሮ መንከራተቱ ቀርቶለት በአንድ አዳራሽ ሲስተናገድ፣ ወረፋው በስክሪን ሲታይ፣ ማን ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ሲመዘገብ፣ ጉድለቱ ወደ አደባባይ ይወጣል። እንደ አየር መንገዱ ማለት ነው። አብዛኛው የሚኒስቴር ሥራ ግን መስኮት የለውም፤ ፖሊሲ ማዘጋጀት፣ ክልሎችን ማስተባበር፣ ተቆጣጣሪ መሆን በደቂቃ አይለካም፤ ዜጋም ወረፋ ይዞ አይጠብቀውም። ያ ሥራ የሚታየው በሪፖርት ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሪፖርቱ ወግ ካልተለወጠ ምንም ያህል ስክሪን ቢሰቀል አይደርስበትም።

ወጉ እንዴት ይለወጣል ለሚለኝ፣ አዲስ መሣሪያ ማስመጣት አያስፈልግም እላለሁ። አንድ የማውቃቸው ሚኒስትር ዴኤታ በየሩብ ዓመቱ ግምገማ መጀመሪያ ላይ አማካይ መቶኛው እንዳይቀርብ ከለከሉ። እያንዳንዱ ክፍል መቶኛ ሳይጠራ ከሥራዎቹ ውስጥ የቆመውን አንድ ሥራና በማን እጅ እንዳለ ብቻ እንዲናገር አደረጉ። በመጀመሪያው ግምገማ ሁሉም «የቆመ የለንም» አሉ። በሁለተኛው አንድ ሥራ አስፈጻሚ ደፍሮ ተናገረ፤ ጉዳዩ በራሳቸው በሚኒስትር ዴኤታው ጠረጴዛ ላይ ያለ ደብዳቤ ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። እሳቸው ደብዳቤውን አስመጥተው እዚያው ፈረሙበትና «ቀጥሉ፣ ሌላ የቆመ ያለው?» አሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ግምገማዎች የቆሙ ሥራዎች ዝርዝር ከሁለት ገጽ አለፈ፤ በዓመቱ መጨረሻ የቢሮው አማካይ አፈጻጸም በወረቀት ላይ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተመዘገበ፣ ለዓመታት ሲንከባለሉ የኖሩ ሁለት መመሪያዎች ግን ወጡ። እሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ወደ ሌላ ኃላፊነት ተዛወሩ፤ በቦታቸው የመጡት አመራር ደግሞ ግምገማው በአማካይ መቶኛው እንዲጀመር አዘዙ። የአሥር ዓመቱ ዕቅድ ቀሪ ዓመታት ሲገመገሙ በመጀመሪያ ማየት የምፈልገው ከስንት በመቶ ደረስን የሚለውን ሠንጠረዥ አይደለም፤ በየዓመቱ እንደ አዲስ የተጻፉትን ተግባራት ዝርዝር ነው።